ጋሽ ይሁኔ ያልለኩት ዕቃ

ጋሽ ይሁኔ አረፉ ብለው ሲነግሩኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል «ማን አረጋገጠ?» የሚል ነበር። ወሬውን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ደንግጣ አየችኝ። ምን ላድርግ፣ የእሳቸው አመል ተጋብቶብኛል። የኔ የመለዋወጫ ሱቅና የእሳቸው ጋራዥ ስንት ዓመት በአንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ተለያይተው ኖረዋል። ከአጥሩ ወዲያ በቀን አሥር ጊዜ የምሰማው ድምፅ ደግሞ አንድ ነበር፤ «ማን ለካው?»

ሰው «ይሄ ዘይት ምርጥ ነው» ቢላቸው፣ «ማን ለካው?» «ዛሬስ ይዘንባል» ቢላቸው፣ «ማን ለካው?» «ጋሼ፣ ዛሬ ደኅና መስለዋል» ላላቸውም መልሳቸው ያችው ናት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞተር ሳይክል የነዳ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቷል። ቀልድ ሆና የአውቶቡስ ተራ ረዳቶች እንኳ እርስ በርስ ይባባሉባት ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ፊታቸው አንዳች ነገር እንደሸተተው ሰው ሁልጊዜ ቋጠር ያለ ነው። ልጅ ሳሉ ደብረ ወርቅ ቆሎ ተማሪ ሆነው ባሕረ ሐሳብ፣ ያ የጾምና የበዓል ማውጫው ስሌት፣ ተምረዋል። ኋላ ትምህርቱን ትተው መካኒክ ሲሆኑ ስሌቱን ግን አልተዉትም። አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር እንደ ሰው ሁሉ የታተመ ካላንደር ይገዛሉ፤ ግን ዐቢይ ጾም የሚገባበትን ቀን ራሳቸው በጣታቸው ቆጥረው ካላወጡት በቀር ግድግዳ ላይ አይሰቅሉትም። «ማተሚያ ቤት ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጾመው?» ይሉ ነበር።

ዕቃ ሲገዙማ አይጣል ነው። ካርቶኑን ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ያንቀጫቅጩታል። ዕቃውን አውጥተው ያሸቱታል። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ካሊፐራቸውን ይመዙታል፤ ያን ሁለት መንጋጋ ያለውን የብረት መለኪያ። ቀዳዳ ያለው ነገር ከሆነ በቁሙ ይለኩና አዙረው በአግድሙ ይደግሙታል። «ብረት ሲበላ እኩል አይበላም» ይላሉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዞር ብለው አያዩትም።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት በወንድሜ አሮጌ ደብተር ነው፤ የፈረንጁን ቁጥርና ፊደል ደግሞ ከዕቃ ካርቶን ላይ እያየሁ ለቀምሁት። ስለዚህ ካርቶን ላይ የተጻፈ ነገር ለኔ እንደ ታቦት ነበር። ጋሽ ይሁኔ መጀመሪያ ሰሞን የኔን ዕቃ እፊቴ ሲለኩት ደሜ ይፈላ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ከኔ ሱቅ የወጣውን መለካት ተዉ። መቼ እንደተዉት አላስታውስም። እውነቱን ለመናገር፣ መተዋቸውንም ልብ አላልሁም ነበር። ልብ ያልሁት በእናኑ ሞተር ጊዜ ነው።

እናኑ የደምበጫ ሰው ናት። የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ሆና ገብታ፣ ሐኪሞቹ ሲሠሩ እያየች መርፌ መያዝ ለመደች፣ ቆይታ ደግሞ ገጠር ለገጠር እየዞረች ከብት የምትከትብ ሆነች። ያኔ ባጃጅ ገና ከተማውን አልሞላውም፤ ሴት ሞተር ላይ ሲያይ ሰው ቆሞ ያፈጣል። የያዘችው ሞተር አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ለመሥሪያ ቤቱ ትቶት የሄደ ትልቅ ሞተር ነበር። የሌሎቹ ሞተሮች ፍሪሲዮን፣ ያ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚለየው፣ በካቦ ሽቦ ይሳባል። የዚህኛው ግን በዘይት ነው። በግራ እጅ መጨበጫውን ሲጨብጡት እላይ ያለች ትንሽ ሲሊንደር ዘይቱን በቱቦ ወደ ታች ትገፋለች፤ ታች ያለችው ሲሊንደር ተቀብላ ፍሪሲዮኑን ትለቃለች። የላይኛዋን መካኒኮቹ ማስተር ይሏታል።

የማስተሯ ውስጥ ተቦርቡሮ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ጋሽ ይሁኔ ፈትተው አዩና በአጥሩ ክፍተት ጠሩኝ። «ይችኑ የምትመስል አስመጪልኝ። የቀዳዳዋ ልክ ከሥሯ ተጽፏል፤ አሥራ አንድ ሚሊ ነው።»

አዲስ አበባ ላለው አቅራቢዬ ደወልሁ። «አሥራ አንድም አለ፣ አሥራ አራትም አለ» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ስሕተቴ። እናኑ በዚያው ዓመት ስትከትብ በቅሎ ረግጣት የግራ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ አስሮት ድኗል፣ ግን እንደ ድሮው አይጨብጥም። እኔ ደግሞ እንዲህ አሰብሁ፦ ትልቅ በሬ ከትንሽ በሬ የበለጠ ይስባል። ትልቅ ፓምፕ ከትንሹ የበለጠ ውኃ ይገፋል። ማስተሩም ትልቅ ሲሆን ሥራውን እሱ ይሠራላታል፣ እጇ ያርፋል። «ትልቁን ላክልኝ» አልሁት። ሲመጣ በውጭ መልኩ ቁርጥ አሮጌው ነው። ለጋሽ ይሁኔ በአጥሩ ክፍተት ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፤ አላሸተቱትም፣ አልገለበጡትም፣ ገጠሙት። እኔም ውለታ ሠርቻለሁ ብዬ በልቤ ደስ ብሎኝ ዝም አልሁ።

ሳምንት ሳይሞላ እናኑ ሱቄ ውስጥ ገብታ ጆንያ ላይ ዘፍ አለች።

«እትዬ ዝናሽ፣ ይሄ ሞተር ጠላኝ።»

«ምን ሆነ?»

«መጨበጫው ድንጋይ ሆነ። ትናንት ገበያው መሐል የጋሪ ፈረስ ድንገት ፊቴ ቆመ። ልጨብጥ ብል እጄ እምቢ አለኝ። ጋሪውን ገጨሁት፤ የሰው በርበሬ መሬት ላይ ተበተነ። አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሴትዮ፣ አንቺ ነሽ ሞተሩን የያዝሽው ወይስ እሱ ነው አንቺን የያዘሽ?›»

ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውሁት። ኃላፊዋ ነገሩን ሰምቶ ቁርጡን ነግሯታል። ሰኞ ጠዋት ሞተሩን እየነዳች ሥራ ካልገባች ለሌላ ሰው ይሰጠዋል፤ እሷም ወደ ጽዳቷ ትመለሳለች።

«መጥረጊያ መያዝ ነውር ሆኖብኝ አይደለም» አለችኝ፣ «ግን መርፌውን አንዴ ለምጄው...» ቃሏን ሳትጨርሰው ተነሣች። ሞተሩን ጋሽ ይሁኔ ዘንድ ትታ በአውቶቡስ ተመለሰች።

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ትልቅ ማስተር መጨበጫ ያጠነክራል የሚል ነገር በእንቅልፍ ልቤም አልመጣብኝም። ዕቃዬ ደኅና ነው፤ እንግዲያው ጥፋቱ የገጠመው ሰው ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በአጥሩ ክፍተት ጋሽ ይሁኔን መሰለል ያዝሁ።

የማየው ነገር ሁሉ ጥርጣሬዬን አባሰው። መጣል የነበረበት አሮጌው ማስተር አልተጣለም። በጋዜጣ ጠቅልለው ከእንጨት ሣጥናቸው ውስጥ ሲቆልፉበት አይቻለሁ። እናኑ ሞተሩን ልትተው የመጣች ዕለት ደግሞ ሦስት ሲሪንጅ ለምነው ከክትባት ሣጥኗ ሰጥታቸዋለች፤ ለምን እንደፈለጉት አልነገሯትም። በማግሥቱ አብሯቸው የሚሠራው ሞላ መጣና የትንሽ ሞተር የፍሬን ጎሚኒ ስጪኝ አለ፤ ያችን ዘይት እንዳያልፍ የምታግደውን ቀለበት ጎማ።

«ለየትኛው ሞተር ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ አምጣ አሉኝ አመጣሁ።»

«ጋራዣችሁ ውስጥ ያለችው የእናኑ ሞተር ብቻ አይደለችም እንዴ? የሷ ደግሞ ትልቅ ናት።»

«እትዬ ዝናሽ፣ ፖሊስ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ስቆ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ በጠራራ ፀሐይ የጋራዡን የቆርቆሮ በር ዘጉት። በሃያ ዓመት ውስጥ ቀን ዘግተው አያውቁም። ሐሙስ ሙሉውን ዘግተው ዋሉ።

እኔም በልቤ ፈረድሁ። የኔን አዲስ ማስተር ለሌላ ሰው ሊሸጡት አስቀምጠው ለእናኑ አሮጌውን ጠጋግነው ገጥመውላት ነበር፤ አሁን ሲነቃባቸው ፈትተው ደበቁት አልሁ። መፍረዱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሐሙስ ማታ እናኑ ስትደውልልኝ እንዲህ አልኋት፦ «እኔ የሰጠሁት ዕቃ እንዲህ አያደርግም። ሰውዬው ቀይረውታል።»

«ጋሽ ይሁኔ?» አለችኝ።

«የማይጠረጠር ሰው ያለ መስሎሻል? ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ራሱ ምን እንደሚሠራ ያውቃል» አልኋት። እንዲህ ብዬ ተናገርሁ፣ በዚህ አፌ።

ዓርብ ጠዋት አልቻልሁም፤ አጥሩን ዞሬ ሄጄ የጋራዡን በር ገፋሁት። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። ቀና ብለው አይተውኝ፣ «በሩን ዝጊው፣ አቧራ ይገባል» አሉኝ።

ጠረጴዛው ላይ የእናኑ ሲሪንጆች አሉ። አንዱ በሞርሳ፣ በጠረጴዛው የብረት መያዣ፣ ተይዞ አፉ ወደ ታች ተተክሏል፤ መግፊያው ላይ አሮጌ የሞተር ባትሪ ተቀምጦበታል። ከአፉ የግሉኮስ ቱቦ ወጥቶ ከሌላ ቀጭን ሲሪንጅ ጋር ተያይዟል። ሦስተኛው ወፍራም ሲሪንጅ ብቻውን ጎን ተጋድሟል። ሁሉም ዘይት የተሞሉ ናቸው። እንደ ጠንቋይ ቤት ታየኝ።

«ነይ፣ ይችን ግፊያት» አሉኝ ቀጭኗን እየሰጡኝ።

በአውራ ጣቴ ገፋኋት። ባትሪው ያለ ምንም ትግል ትንሽ ከፍ አለ። እስከ መጨረሻ ገፋኋት፤ አሁንም ትንሽ ከፍ አለ።

ቀጭኗን አውጥተው ወፍራሙን ሰኩ። «አሁን ይሄን።»

ገፋሁ። አውራ ጣቴ ተንቀጠቀጠ፤ ባትሪው ንቅንቅ አልል አለ። በሁለት እጄ ስጫነው ብድግ ብሎ ሊወድቅ ሆነና ጋሽ ይሁኔ ቀለቡት።

«ወፍራሙ በአንዴ ብዙ ዘይት ይገፋል፤ ያንን ለመግፋት ደግሞ ብዙ ጉልበት ይጠይቅሻል። ቀጭኑ ይቀላል። ግን ጣትሽ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ የቅለቱን ዋጋ በርቀት ይወስዳል።» ከዚያ ከጎናቸው ያለውን አዲሱን ማስተር አንሥተው ገለበጡልኝ። ከሥሩ አሥራ አራት ይላል። «ይሄን ማነው የላከብሽ?»

ልዋሽ እችል ነበር፤ አቅራቢው ተሳሳተ ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ያን ባትሪ በጣቴ ገፍቼው ነበርና መዋሸት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ ትልቁን ያዘዝሁት። እጇን ያሳርፍላታል ብዬ።»

«አዝነሽላት?»

«አዎ።»

«ለኔስ ምነው አልነገርሽኝ?»

«ትልቅ መሆኑ ይጎዳል ብዬ አላሰብሁም።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮሁም። እኔው ወደ እሳቸው ዞርሁ፤ ጥፋተኛ ሰው እንደዚህ ነው። «እርስዎስ? የቤተ ክርስቲያን ደወል ቢያገኙ የሚለኩ ሰው፣ ይሄን ለምን አልለኩትም?»

ካሊፐሩን አንሥተው በጨርቅ መጥረግ ያዙ። የጠራውን ደግመው ጠረጉት።

«ካንቺ ነዋ የመጣው» አሉ።

በሣጥን ቆልፈውበት የነበረውን አሮጌ ማስተር አውጥተው አሳዩኝ። የተቦረቦረውን ውስጡን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ሁለት ቀን ሙሉ በጣታቸው ሲያለሰልሱት ኖረዋል። አዲስ አበባ ታዞ እስኪመጣ ሰኞ ያልፋላ። ሞላ የገዛት ጎሚኒ የትንሽ ሞተር ትሁን እንጂ ልኳ አሥራ አንድ ነው። በሩን የዘጉትም ለአቧራው ነበር፤ በተለሰለሰው ብረት ላይ አንዲት ጠጠር ብትገባ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የጠረጠርሁት ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ተፈታ። እኔ ብቻ ቀረሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት እናኑ መጣች። መጨበጫውን በሁለት ጣቷ ሳበችው፤ እንደገና ሳበችው፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። ጋሽ ይሁኔ አልሳቁም። «እስከ መጨረሻው ጨብጪው። ቀለለኝ ብለሽ ግማሽ መንገድ ላይ ካቆምሽ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፣ ማርሹ ይጮህብሻል። እሺ በይኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ማን ለካው? ሂጂና ዳገቱ መሐል ቆመሽ ተነሺ፣ እዚህ ሆኜ ልይ።»

ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመች። አቧራው እስኪበተን ጠበቅን። ተነሣች፤ ሞተሩ አልጠፋም። ሰኞ ሥራ ገባች።

ቅዳሜ ከዳገቱ ስትመለስ ነው ሞላ የጠየቀው። «ጋሼ፣ ግን የፊተኛው ምን ነክቶት ነው እንዲያ የጠነከረው?»

እናኑ ወደ እኔ አየች፤ ሐሙስ ማታ ያልኋትን እያሰበች ነው። ይህን ጊዜ ጋሽ ይሁኔ አንድ ቃል ቢናገሩ ከተማው ሁሉ ዝናሽ የተሳሳተ ዕቃ ትሸጣለች ይል ነበር፤ ሱቄ ያንለት ተዘጋ ማለት ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይሁኔ። «ሳልለካ ገጠምሁት።»

ሞላ በእጁ የያዘው ቁልፍ ወደቀ። «እርስዎ? ሳይለኩ?»

«ሳልለካ።»

እናኑ ስትሄድ ተከትያቸው ገባሁ። «ለምን እንደዚያ አሉ?»

«ውሸት አለበት?» አሉኝ። የለበትም። ቃል በቃል እውነት ነው። አሥራ አራቱን ማስተር በጨርቅ ጠቅልለው፣ «ይሄ ያንቺ ነው» ብለው ሰጡኝ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት፤ ለማንም አልሸጥሁትም።

ሞላ ይህችን አግኝቶ ሊተው ነው? ለዓመታት ቀለደባቸው። «ማን ለካው?» ባሉ ቁጥር «የእናኑን ማስተር የገጠመው ሰውዬ!» ይላቸዋል፤ ደንበኛው ሁሉ ይስቃል። እሳቸው ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ እሰማለሁ። አንድ ቀን እነግራለሁ እላለሁ። ነገ እላለሁ። ሱቄን ፈራሁ፤ ለእናኑ ያልኋት ደግሞ ከሱቁም በላይ ያስፈራኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የኔን ዕቃ ሁሉ እንደገና መለካት ጀመሩ። ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ ልጄ ስትዳር ድንኳኑን የተከሉልኝ እሳቸው ናቸው። ግን የሰጠኋቸውን ዕቃ ሁሉ እፊቴ በቁሙ ይለኩታል፣ አዙረው በአግድሙ ይለኩታል፣ «ደኅና ነው» ይላሉ። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። እስከ መጨረሻዋ ዕለት ድረስ እንደዚያ ነበር።

የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ጋራዡ ግቢ ውስጥ ነው። ልጃቸው ፎቷቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ካሊፐራቸውን አጠገቡ አስቀምጣለች። እናኑ ፀጉሯ ሸብቶ ከደምበጫ መጥታለች። በሁለተኛው ቀን ሰው ወደ ጨዋታ ሲመለስ ሞላ ያችኑ ጀመረ። «በዕድሜያቸው አንዲት ስሕተት ናት ያለቻቸው። የእናኑ ማስተር!» ድንኳኑ በዝግታ ሳቀ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው።

ተነሣሁ። «የሳቸው አይደለም» አልሁ። «የኔ ነው። አሥራ አንድ እዘዢ አሉኝ፤ እኔ አሥራ አራት አዘዝሁ፤ ለሳቸውም አልነገርኋቸው።»

አንዲት ባልቴት እጄን ሳቡኝ። «ሟችን ማወደስ ደግ ነው ልጄ። ተቀመጪ።»

«እያወደስሁ አይደለም እማማ።»

«እትዬ ዝናሽ» አለች እናኑ ቀስ ብላ፣ «ቀይረውታል ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ብዬሻለሁ። እሱም ጥፋቴ ነው። ስማቸውን አጥፍቻለሁ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ኀዘን ነው ያናገራት የሚል ነበር ፊታቸው። ሞላ አንገቱን ነቀነቀ፤ ቀልዱ ከአፉ ሊጠፋ ነውና እሱም አልወደደውም። «አሥራ አራት ነው ትያለሽ» አለኝ። «ማን ለካው?»

ያች ቃል ከሞቱ ወዲህ በዚያ ግቢ አልተሰማችም ነበር።

ወደ ሱቄ ሄድሁ። በርጩማ ላይ ወጥቼ ከላይኛው መደርደሪያ ያን ጨርቅ አወረድሁ። ተመልሼ ማስተሩን ሞላ እጅ ላይ አኖርሁት። ገልብጦ ከሥሩ የተጻፈውን አየ። አሥራ አራት ይላል፤ እሱም አንብቧል። አላመነውም። ጠረጴዛው ዘንድ ሄዶ ካሊፐሩን አነሣ፣ በነጠላው ጫፍ ጠረገው፣ መንጋጋውን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ በቁሙ ለካ።

«አሥራ አራት» አለ።

ከዚያ ማንም ሳያዘው አዙሮ በአግድሙ ደገመው። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት።